ግድግዳውን ቀድሞ የነካው

ማሙሽ የሕፃን መጠሪያ ነው። ልጅ ሲያድግ እንደ ጠበበ ልብስ አንድ ቀን ይወልቃል። የፀጉር አስተካካዩ ልጅ ግን ትከሻው የበር መቃን እስኪሞላ አድጎ፣ ጢሙን አባቱ እየላጨለት፣ ያው ማሙሽ እንደተባለ ቀረ። የሰፈሩ ሰው ማሙሽ ይለዋል፤ በኋላ በቴሌቪዥን ያዩት የማያውቃቸው ሰዎችም ማሙሽ ነው ያሉት። በሌላ ስም ቢጠሩት ዞር ብሎም አያይ።

ሲወለድ ምጡ ረዝሞ፣ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ፣ ጠቁሮ ነው የወጣው። ዘግይቶ ሄደ፤ ዘግይቶ አፉን ፈታ። ትምህርት ቤት የገባ ዓመት መምህርቷ አባቱን አስጠርታ፣ «ልጅዎ ጨዋ ነው፤ ግን የምለው አይገባውም። እዚህ ወንበር ከሚያሞቅ ቤቱ ቢውል ይሻላል» አለችው። እናቱ እሱ ገና ዳዴ ሲል ሞታለች። ያሳደገችው በብዙ ዓመት የምትበልጠው እህቱ ናት፤ እሱ «እትዬ» ይላታል።

እህቱ የምትሠራው ሆስፒታል ላውንደሪ ክፍል ነው። ደም የነካውን አንሶላ ስትዘፈዝፍ፣ የደረቀውን ስታጥፍ ትውላለች። እሷ ሥራ ስትሄድ ማሙሽ አባቱ ፀጉር ቤት ይውላል። የሚውለው ግን መስታወቱ ፊት አይደለም፤ ፎጣና ሳሙና ከሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል፣ ከመጋረጃው ጀርባ ነው። አባቱ እንደ ቀልድ አድርጎ፣ «ደንበኛ አንገቱ ላይ ምላጭ ተይዞ መደንገጥ የለበትም» ይላል። እህቱ በዚህ ቀልድ ስቃ አታውቅም።

የማሙሽ ትልቁ ጣጣ መንገድ ነበር። ጥግ ካለው ሱቅ ሳሙና እንዲገዛ ቢልኩት፣ ሲመሽ አውቶቡስ ማቆሚያ ተቀምጦ ያገኙታል፤ ሳሙናውን በሁለት እጁ እንደያዘ። መንገድ ሲከፈልበት ግራ ይገባውና ይቆማል፤ ከዚያ ከፊቱ ያለፈውን ሰው ይከተላል። ሰው ደግሞ ወደ ገዛ ቤቱ እንጂ ወደ ማሙሽ ቤት አይሄድም።

አንድ ፀሐይ የሚያቃጥል ቀን፣ እህቱ ዕረፍቷ ሆኖ፣ ከሆስፒታሉ ጀርባ ወዳለው የሕዝብ መዋኛ ይዛው ሄደች። ሐሳቧ እግሩን ነክሮ እንዲቀዘቅዝለት ነበር። ጫማዋን አውልቃ ቀና ስትል ማሙሽ የለም። በጥልቁ በኩል ገብቷል። ጩኸቷን የሰማ አንድ ቀጭን ሰውዬ ፊሽካው አንገቱ ላይ እንዳለ ከነልብሱ ዘለለ። ደርሶ ሊጎትተው ሲል ግን እጁን ሰበሰበ። ልጁ እየሰመጠ አልነበረም። በሆዱ ተንሳፍፎ፣ ፊቱን ውሃው ውስጥ ቀብሮ የገንዳውን ወለል ያያል።

ከዚያ ራሱን አወጣና፣ «እትዬ! መንገድ አለ! አንድ ብቻ ነው!» ብሎ ጮኸ።

በነጩ ሴራሚክ መሃል ከዳር እስከ ዳር የተሰመረውን ጥቁር መስመር ማለቱ ነበር።

ሰውዬው የዋና አሰልጣኝ ነው። ውሃው ከሱሪው እየተንጠባጠበ፣ «ማነው ያስተማረው?» አላት።

«ማንም። ገንዳ ያየው ዛሬ ነው።»

«ነገም አምጪው» አለ።

እህቱ ከዚያ ወዲያ ማሙሽን በየጠዋቱ ሥራ ከመግባቷ በፊት ገንዳው ዘንድ ታደርሰዋለች። ማሙሽ «ጋሼ» የሚለው አሰልጣኙ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። ለማሙሽ ነገር አያብራራም፤ እጁን ይዞ ያሳየዋል፤ ማሙሽም ያንኑ ሳያጓድል ይደግመዋል። አንድ ቀን «ሳልጠራህ እንዳትወጣ» ብሎት ስልክ ሊያነሳ ሄደና ነገር ይዞት ቆየ። ሲመለስ ገንዳው ውስጥ ማሙሽ ብቻውን ነበር፤ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ ከዳር ዳር ይመላለሳል። አሰልጣኙ በፎጣ ጠቅልሎ እስኪሞቀው አሸው። የዚያን ቀን ማታ እህቱን፣ «ለዚህ ልጅ የሚነገረውን አስቦ መናገር ነው። አንዴ ጆሮው ከገባ ማን ያወጣዋል» አላት።

የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው የሚዘጋጅ ውድድር እንዳለ የነገራቸውም እሱ ነው። ሐኪሞች መረመሩት፤ ወረቀቱ ተሞላ፤ ማሙሽ መወዳደር ጀመረ። መጀመሪያ በከተማ፣ ቀጥሎ በአገር አሸነፈ። ሲያሸንፍ ሰሌዳውን ቀና ብሎ አያይም፤ ሰዓት ማንበብ አይችልም። ግድግዳውን ከነካ በኋላ ግራና ቀኙን ያያል። ሌሎቹ ገና በመምጣት ላይ ከሆኑ ፈገግ ይላል፤ እንግዳ ጠርቶ በር ላይ የሚጠብቅ ባለቤት ይመስላል።

አባቱ የመጀመሪያውን ፎቶ መስታወቱ አናት ላይ ሰቀለው። ከዚያ መጋረጃው ተገለጠ፤ ማሙሽ ወደ ፊት ወጣ፤ መጥረጊያ ተሰጠውና የወደቀውን ፀጉር ይጠርግ ጀመር። ደንበኞች እጁን ይጨብጡታል። «አንበሳ ነው የወለዱት!» ይላሉ። አባቱ ቶንዶሱን እያራገፈ፣ «በእኔ ወጥቶ ነው» ይላል፤ ውሃ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቱ እንኳ ገብቶ የማያውቅ ሰው። ይሄ ቀልድ እህቱንም ያስቃታል። አንዳንዴ ግን አንሶላ እያጠፈች፣ ወንድሜን ከመጋረጃው ጀርባ ያወጣው ሜዳሊያው ነው ወይስ አባቴ ነው ብላ ታስብና ሐሳቡን መልሳ ታጥፈዋለች።

ትልቁ ዓለም አቀፍ ውድድር ሲቃረብ ቡድኑን የሚልከው ፌዴሬሽን ሊቀመንበር ገንዳው ድረስ መጣ። ከረባቱን እስከ ጉሮሮው ያጠበቀ፣ ሲናገር ሰው ትከሻ ላይ እጁን የሚጭን ሰው ነው። ማሙሽ ብቻውን ወርቅ እንደሚያመጣ እርግጠኛ ነው። የፈለገው ግን ሌላ ነበር።

«አንዱ ወርቅ ለፎቶ ነው» አለ ለአሰልጣኙ። «ሁለት ስናመጣ ነው ሰው የሚቆጥረን። የቅብብል ቡድን እፈልጋለሁ።»

«ቅብብል አራት ሰው ይፈልጋል። ያለኝ ማሙሽ ነው።»

«ሦስቱን እኔ አመጣለሁ።»

አመጣቸውም። ሦስት ወጣቶች ናቸው፤ ሁሉም እንደ ቀስት ቀጥ ያሉ። እንግዳ ሰው ሲመጣ አንገታቸውን ያዘነብላሉ፤ እግራቸውን ይጎትታሉ። እንግዳው ሲሄድ ቀና ብለው ስለ ፈተናና ስለ ሴት ያወራሉ። ከመሃላቸው አንዱ ከንጋት እስከ ማታ የሚስቅ ነበር፤ ፍልቅልቁ ይሉታል። ዩኒቨርሲቲ ይማራል። ዋና ይወዳል፤ ፍጥነቱ ግን ለጤነኞቹ የአገር ቡድን አልበቃም። ሊቀመንበሩ አውሮፕላን አሳፍርሃለሁ ብሎ ነው ያመጣው።

ፍልቅልቁ ማሙሽን ወደደው። ይህ ውሸት አልነበረም። ከልምምድ በኋላ በአሮጌ መኪናው ቤቱ ድረስ ያደርሰዋል፤ የተሰነጠቀውን የውሃ መነጽሩን አይቶ የራሱን አውልቆ ሰጠው፤ «አለቃዬ» እያለ ይጠራዋል። ማሙሽ ከዚያ በፊት ጓደኛ ኖሮት አያውቅም። ማታ ማታ ለእህቱ የሚያወራው ስለ ፍልቅልቁ ብቻ ሆነ።

አንድ ምሽት እህቱ በሩ ላይ ቆማ፣ ፍልቅልቁ መኪናዋን ከጠባቧ መንገድ ወደ ኋላ እየነዳ እንደ ነባር ታክሲ ሹፌር ሲያወጣት አየች። በማግስቱ አሰልጣኙን፣ «ይሄ ልጅ ምኑ ነው የጎደለው?» ብላ ጠየቀችው።

አሰልጣኙ ጫማውን አየ። «አትጠይቂኝ» አለ።

እሷም አልጠየቀችም። ወንድሟ ማታ እራት ላይ ብቻውን ይስቅ ነበር፤ ይህ ሳቅ እንዳይጠፋበት ፈርታ ጥያቄዋን ዋጠች።

የውድድሩ ቀን የላውንደሪው ሠራተኞች ከነሽርጣቸው እንግዳ መቀበያው ቴሌቪዥን ሥር ተሰበሰቡ። ማሙሽ በአራተኛው መስመር ነበር። ፊሽካው ሲነፋ ከሁሉ ዘግይቶ ዘለለ፤ ሁልጊዜም መነሻ ላይ ይዘገያል። ከገንዳው አጋማሽ በኋላ ግን አንድ ባንድ እየጣላቸው መጣ፤ ግድግዳውን ነክቶ ሲያበቃ ሁለተኛው ገና አንድ ክንድ ይቀረዋል። ካውያ ላይ የምትሠራዋ ሴት እህቱን አቅፋ መሬት አስለቀቀቻት። ቅብብሉንም አሸነፉ። ፍልቅልቁ ማሙሽን ትከሻው ላይ ሊሸከመው ሲሞክር ተያይዘው ወደቁ፤ ተመልካቹ በሳቅ አጨበጨበ።

ሲመለሱ አበባ ነበር፤ ካሜራ ነበር፤ የሊቀመንበሩ እጅ ማሙሽ ትከሻ ላይ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ አንዲት ጋዜጠኛ ፀጉር ቤቱ መጣች። ክፋት ያሰበች አልነበረችም፤ ስለ ሻምፒዮኑ ኑሮ ልትጽፍ ነው። አባቱ ደንበኛውን እያስተካከለ፣ ማሙሽን ባዶው ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ «ጠይቂው፤ ይመልስልሻል» አላት።

ጥቂት ስለ ልምምዱ ከጠየቀችው በኋላ፣ «ጓደኛህ ማነው?» አለችው።

«ፍልቅልቁ።»

«እሱም እንዳንተ ነው?»

«መኪና አለው። ራሱ ነው የሚነዳት። ወደ ኋላም ይነዳታል።» ማሙሽ ጨዋታው ሞቀለት። «ዩኒቨርሲቲ ነው የሚማረው። መጽሐፉ ይከብዳል፤ እኔ ነኝ የምሸከምለት። ሐኪሞቹ ሲመጡ ግን እንደኔ ይሆናል። እንዲህ።» አፉን ከፈት አድርጎ ዓይኑን አፈዘዘ። «በጣም ነው የሚያስቀኝ። እሱ እኔን መሆን ይችላል። እኔ እሱን መሆን አልችልም።»

የቶንዶሱ ድምፅ ቆመ። ደንበኛው በመስታወቱ ውስጥ አባትየውን አየ። ጋዜጠኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፤ ቆይታ ደግሞ አነሳችው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ፈጥኖ ሆነ። ጋዜጠኛዋ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄዳ አጣራች፤ ወሬው ወጣ፤ የውጭዎቹ አዘጋጆች መርማሪ ላኩ። ሦስቱ ልጆች አመኑ። ከዚያ ፌዴሬሽኑ የሰጠው ወረቀት በሙሉ አይታመንም ተባለና ቡድኑ ከነውጤቱ ተሰረዘ፤ የማሙሽ የግል ወርቅም አብሮ። በደረቅ ዳፋ እርጥብ ይነዳል እንደሚባለው ነው። አገሪቱ ለዓመታት ታገደች። አሰልጣኙ ተባረረ። ሊቀመንበሩ ጥቂት ወራት ጠፋና በሌላ ስፖርት ሌላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተገኘ። ሦስቱ ልጆች ስልካቸውን ቀየሩ። ፍልቅልቁ ዳግመኛ በዚያ መንገድ አላለፈም።

ሜዳሊያዎቹን ሊወስዱ ከፌዴሬሽኑ ሁለት ሰዎች መጡ። ማሙሽ እንግዳ መጣ ብሎ ደስ ብሎት ከሳጥኑ አወጣቸው፤ በፎጣ ጠርጎም ሰጣቸው።

«መቼ ትመልሱታላችሁ?» አለ።

ሰዎቹ ተያዩ። አንደኛው፣ «አይመለስም፣ ወንድሜ። ውድድሩ እንዳልነበረ ሆኗል» አለው።

«ነበረ» አለ ማሙሽ። «ቀድሜ ነክቻለሁ። እነሱ ኋላ ነው የመጡት።»

«እናውቃለን።»

«ታዲያ ለምን?»

ሜዳሊያዎቹን ቦርሳ ውስጥ ከተቱ። ሻይ ቢባሉም አልጠጡም።

ክፉው ነገር ደግሞ ከሰው አፍ መጣ። ማሙሽን በቅርብ የማያውቁት፣ እሱም እንደ ሌሎቹ ጤነኛ ነው፤ አባቱ ጅል ነው ብሎ የላከው ለጥቅሙ ነው አሉ። አንድ ጠዋት የፀጉር ቤቱ የብረት መዝጊያ ላይ «አጭበርባሪ» ተብሎ በከሰል ተጽፎ ተገኘ። ዕድሜውን ሙሉ ልጄ ጤነኛ በሆነልኝ ብሎ የተመኘ ሰው፣ ልጅህ ጤነኛ ነው ተብሎ ተሰደበ። ደንበኛው እየሳሳ ሄደ። ባዶው ወንበር ላይ ራሱ ተቀምጦ የሚውልበት ቀን በዛ።

በአንዱ እንዲህ ያለ ቀን ፎቶዎቹን ከመስታወቱ አናት ሲያወርድ ማሙሽ መጥረጊያውን ይዞ አጠገቡ ቆመ።

«አባባ፣ ለምን ታወርደዋለህ?»

አባቱ ፎቶውን መሬት ላይ ጣለው፤ የፍሬሙ መስታወት ተሰበረ። «አፍህ!» ብሎ ጮኸ። «ይሄን ሁሉ ያመጣው አፍህ ነው! ማን ተናገር አለህ? ሁለተኛ ለሰው እንዳትናገር! ሰምተሃል? ለማንም!»

«እሺ አባባ» አለ ማሙሽ። ስብርባሪውን ጠርጎ ጨረሰ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሙሽ ከቤት ሰው በቀር ለማንም ቃል አልተነፈሰም። ለአባቱና ለእህቱ ያወራል፤ ደጃፉን ከተሻገረ ግን አፉ ግጥም ይላል። ባለሱቁ ሰላም ሲለው ወደ ጫማው ያያል። ጎረቤቶች መጀመሪያ አኩርፎ ነው አሉ፤ ቀጥሎ ደግሞ ባሰበት አሉ፤ በመጨረሻ ማናገሩን ተዉት። አባቱ እንደተናደደ የተናገረው ነገር የት ድረስ እንደ ገባ የተረዳው ቆይቶ ነው።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን አሰልጣኙ ላውንደሪው በር ላይ መጣ። መጋዘን ጥበቃ ተቀጥሮ ነበር፤ የለበሰው ኮት ሰፍቶታል። የውጭዎቹ አዲስ ምርመራ እንደፈቀዱ ነገራት፤ ያለፈው ወረቀት ቀርቶ፣ የራሳቸው ሐኪሞች መጥተው ይመረምራሉ። እውነተኛ መሆኑ የተረጋገጠለት ይወዳደራል፤ የግል ውጤቱም እንደገና ሊታይለት ይችላል።

«ማሙሽን ማን ይጠረጥረዋል?» አለ አሰልጣኙ። «ለአፍታ ቢያናግሩት በቂያቸው ነው።»

«የሚያናግራቸው ከሆነ» አለች እህቱ።

የዚያን ሰሞን አባቱ በየማታው ማሙሽን አጠገቡ ያስቀምጠዋል። «ያኔ ያልኩህን ተወው፣ ልጄ። ተናድጄ ነው። ሐኪሞቹ ሲጠይቁህ የምታውቀውን ትመልሳለህ፤ የማታውቀውን አላውቅም ትላለህ። እሺ?»

«እሺ አባባ።»

«አፍህ ምንም አላጠፋም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«እሺ አባባ።»

የምርመራው ክፍል ነጭ ነው፤ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ጠረጴዛው ላይ ባለቀለም የእንጨት ቁርጥራጮችና የሥዕል ካርዶች። ዘመድ መግባት አይቻልም ተብሎ እህቱ ኮሪደሩ ላይ ቀረች፤ በበሩ ላይ ባለች ትንሽ መስታወት ታያለች። ሐኪሟ የውጭ አገር ሴት ናት፤ ፊቷ ደግ ነው። አጠገቧ አስተርጓሚ ተቀምጧል። ስሙን ጠየቁት። ማሙሽ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠረጴዛውን ያያል። ዕድሜውን ጠየቁት። ካርድ አሳዩት። ሐኪሟ ቁርጥራጮቹን ደርድራ እንዲደግመው በእጇ አመለከተችው። ማሙሽ እጁን ከጉልበቱ አላነሳም። እህቱ በመስታወቱ ውስጥ ከንፈሩ ጭምቅ ብሎ መጋጠሙን፣ ግንባሩ ላይ ላቡ መፍሰሱን ታያለች። በሩን ልትከፍት እጀታውን ያዘች፤ በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ቀስ ብሎ እጇን አነሳው።

ሲጨርሱ አስተርጓሚው ወጣና፣ «አልተባበረም» አላት።

«ፈርቶ ነው እኮ! ከሰው ጋር አይናገርም። ለማንም እንዳይናገር ተነግሮት ነው።»

አስተርጓሚው ይህንኑ ለሐኪሟ ነገራት። ሐኪሟ ፊቷ ተለወጠ። የመለሰችውን እሱ ተረጎመው፤ «እኛንም ያሳሰበን እሱ ነው። ከዚህ በፊትም ዝም በሉ ተብለው ተመክረው የመጡ ነበሩ።»

እህቱ የተናገረችው ቃል ምን እንዳደረገ ገባት። ልታስረዳ ብዙ ሞከረች፤ ስለ ፀጉር ቤቱ፣ ስለ ጋዜጠኛዋ፣ ስለ አባቷ ቁጣ ለፈለፈች። አስተርጓሚው ግማሹን ተረጎመ። ግማሹ ላይ ሐኪሟ ሰዓቷን እያየች ቀጣዩን ተመርማሪ አስጠራች።

ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱ የሚከፈልበት ቦታ ላይ ማሙሽ እንደ ልማዱ ቆመ። እህቱ እጅጌውን ይዛ ወደ አንድ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ወሰደችውና አስቀመጠችው። ልትቆጣው ነበር። ፊቱን ስታይ ግን ተወችው።

«ማሙሽዬ፣ አባባ ተናገር አላለህም?»

«ብሏል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ማሙሽ ብዙ አሰበ። «ያኔ ስናገር ፍልቅልቁ ቀረ» አለ። «ጋሼም ቀረ። ሰው ሁሉ ከአባባ ቤት ቀረ። ዛሬ ብናገር አንቺም ትቀሪያለሽ።»

እህቱ እጁን ይዛ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ የሚያልፍ ሰው ትልቁን ሰውዬና የምታለቅሰውን ሴት እያየ ያልፋል።

ውጤቱን በስልክ ያረዳት አሰልጣኙ ነው። ውስንነቱ አልተረጋገጠም፤ ከውድድር ውጪ ነው፤ ይግባኝ የለውም።

አባቱ የዚያን ዕለት ፀጉር ቤቱ ውስጥ መስታወቱ ፊት ተቀምጦ አመሸ። ከዚያ ወዲህ እጁ መንቀጥቀጥ ያዘው፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ ምላጭ አይይዝም። ቤቱን ዘጋ። ሁለተኛው ክረምት ሳይወጣ የጉበት ሕመም ገደለው። በመጨረሻው ሰሞን አልጋው ላይ ሆኖ፣ ሊጠይቅ የመጣውን ሰው ሁሉ፣ «እስቲ ማሙሽን አናግሩት፤ እባካችሁ አናግሩት» ይል ነበር። እንግዶቹ ማሙሽን ያናግሩታል። ማሙሽ ውሃ ይቀዳላቸዋል፤ ወንበር ያቀርብላቸዋል፤ አይመልስላቸውም።

እህቱ አለቃዋን ለምና ላውንደሪው አስገባችው። አንሶላ ማጠፍ ለእሱ ከባድ አልሆነበትም፤ ጥግ ከጥግ፣ አንዴ እንዳሳዩት ነው። ከሥራ በፊት የሕዝብ ሰዓት ሲሆን ገንዳው ይሄዳሉ። እሱ ይዋኛል፤ እሷ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች።

አንድ ከሰዓት ላውንደሪው በር ላይ አንድ ቦርጫም ሰውዬ መጥቶ እህቱን አስጠራ። መነጽር አድርጓል፤ ጣቱ ላይ ቀለበት አለ። ፈገግ ለማለት ሲሞክር ነው ያወቀችው።

«ምን ፈለግህ?» አለችው።

«ብዙ ጊዜ ልመጣ አስቤ…» ፍልቅልቁ ቃሉን አልጨረሰም። «ምርመራውን ሰማሁ። እኔ ልመሰክርለት እችላለሁ። የተባለው ቦታ ሁሉ ሄጄ እናገራለሁ።»

«ያኔ ነበር መሄድ።»

«ያኔ ልጅ ነበርኩ።»

«እሱ ዛሬም ልጅ ነው» አለችው።

ማሙሽ ድምፁን ከውስጥ ሰማ። የአንሶላ ጋሪውን ገፍትሮ፣ ሰው እየገፋ መጣና ፍልቅልቁን ከመሬት አንሥቶ አቀፈው። ከዚያም፣ ስንት ዓመት ለውጭ ሰው ያልተናገረው ማሙሽ፣ ከእህቱ ጀርባ የተሰበሰቡት ሠራተኞች አፋቸውን ይዘው እያዩት አወራ። አባባ መሞቱን አወራ፤ ጋሼ ጥበቃ መሆኑን፤ እሱ አሁን ደመወዝ እንዳለው፤ ጫማው አዲስ መሆኑን፤ ገንዳው ሴራሚኩ እንደተቀየረ። ፍልቅልቁ መነጽሩን አውልቆ ያለቅሳል። ማሙሽ፣ «ለምን ታለቅሳለህ? ሞተ እኮ ድሮ ነው» እያለ ጀርባውን ይመታዋል።

ፍልቅልቁ ቃሉን ጠብቆ ፌዴሬሽኑ ቢሮ ሄደ። ወጣት ጸሐፊ ተቀበለችው፤ ፋይሉ ተዘግቷል፣ የቀድሞዎቹ ሰዎችም የሉም አለችው። የሚጽፍላቸው አቤቱታ ካለ ተቀብላ እንደምታስቀምጥ ነገረችው። ይህን ለእህቱ ሊነግራት በሚቀጥለው ሰንበት ገንዳው ዘንድ መጣ። ማሙሽ ካልዋኘህ ብሎ ያዘው፤ ቁምጣ ተውሶ ገባ። ገንዳውን አንዴ ሳይጨርስ ትንፋሹ አጠረና ገመዱን ይዞ ቀረ። ማሙሽ ተመልሶ መጣ፤ ክንዱን ይዞ ወደ ዳር ወሰደው።

ፍልቅልቁ ልብሱን ለብሶ እህቱ አጠገብ ተቀመጠ። ፀጉሩ ይንጠባጠባል።

«ይቅር በይኝ» አላት።

«የበደልከው እኔን አይደለም።»

«እሱን ጠየቅሁት። ምኑን ነው የምትለው አለኝ።»

«አያውቀውማ» አለች እህቱ፤ ዓይኗን ከገንዳው ሳትነቅል። «የተበደለው መበደሉን አያውቅም። እኔ ደግሞ ገብቶኝ ዝም ያልኩ ነኝ፤ የማንን ይቅርታ ልስጥህ?»

ፍልቅልቁ ተነሣ። ማሙሽ ከውሃው ውስጥ እጁን አወዛወዘለት። «በሚቀጥለውም ና!» አለው። እመጣለሁ አለ፤ አልመጣም። ማሙሽ ጥቂት ሰንበት ጠየቀ፤ «ዛሬ ይመጣል?» እያለ። ከዚያ መጠየቁን ተወ። ለሰው መናገሩንም እንደገና ተወ።

እገዳው ከተነሣ ቆይቷል። ገንዳው አዲስ አሰልጣኝ አለው፤ ጠዋት ጠዋት ልጆች ሰብስቦ ያስተምራል። አንድ ቀን ልጆቹን አሰልፎ ሳለ ዓይኑ ዳር ባለው መስመር ላይ ቀረ። ሪዙ የሸበተ ትልቅ ሰውዬ፣ ውሃውን ሳይረብሽ፣ ይሄዳል ይመለሳል። አሰልጣኙ ወደ አግዳሚው መጣ።

«ያንቺ ነው?»

«ወንድሜ ነው።»

«እጁን አየሽው? ማን እንዳሠለጠነው እንጃ እንጂ ጥሩ ተሠርቷል። ተወዳድሮ ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«ስንተኛ ወጣ?»

«አንደኛ» አለች።

«የት? በከተማ ነው?»

«በዓለም።»

አሰልጣኙ አያት፤ ከዚያ ወደ ውሃው አየ፤ ከዚያ ሰው ስለ ዘመዱ ሲያጋንን እንደሚሳቅለት ለስለስ አድርጎ ሳቀላት። «እግዜር ይጠብቅልሽ» ብሎ ወደ ልጆቹ ተመለሰ።

እህቱ አልተከራከረችም። የሥራ ሰዓት ደርሶ ነበር። ፎጣውን ይዛ ወደ ዳር ሄደችና ማሙሽ እስኪመለስ ቆማ ጠበቀችው።